ልጅቷ ምን ትፈልጋለች?

«ለአጎትሽ ንገሪው፣ ሻዩ ቀዝቅዟል» አለች እናትየው።

አጎትየው ከዚያው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። እጁን ቢዘረጋ የእህቱን ክርን ይነካል። ጆሮው ደግሞ እንኳን ከጠረጴዛ ማዶ የተባለውን ጎረቤት የተንሾካሾከውን ሳይቀር ይለቅማል። ቢሆንም ቀና አላለም፤ መልእክቱ በወጉ እስኪደርሰው ድረስ ጠበቀ። ልጅቷ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ጫማዋን እያሰረች፣ «አጎቴ፣ እማዬ ሻዩ ሳይቀዘቅዝብህ ጠጣ ትልሃለች» አለች። «እኔ ቀዝቃዛ ነው የምወደው በያት። ደግሞ የኔን ሻይ መቆጣጠሩን ትተወው» አለ፤ ዕድሜ ልኩን የሚፋጅ ሻይ ሲጠጣ የኖረ ሰው። ልጅቷ ወደ ሁለተኛው ጫማ እየተሻገረች፣ «እማዬ፣ እሺ፣ አሁን እጠጣዋለሁ እያለ ነው» አለች። እናትየው «ጎሽ» አለች፤ አጎትየውም ብርጭቆውን አነሳ። ጠዋቱ በሰላም አለፈ።

በዚህ ቤት እንዲህ መኖር ከተጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት ባሏ የሞተባት እህትና ከአውቶቡስ ሹፌርነት በጡረታ የወጣው ወንድሟ ሲያወሩ አምሽተው፣ ወሬው አላልቅ ብሏቸው፣ በግድግዳ እየተቀባበሉ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሰዎች ነበሩ። ያጣላቸው የአባታቸው ወንበር ነው። ትልቅ ባለ ክንድ ወንበር ነበር፤ ሽቦው ወጥቶ እንግዳ ይወጋል። አንድ ቀን አጎትየው ተሸክሞ አወጣውና ከመንገዱ ማዶ ላለው ፀጉር አስተካካይ ሰጠው። ወንበሩ ጠፍቶ ቢቀር ኖሮ ነገሩም አብሮት ይረሳ ነበር ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ግን ሽቦውን አስጠግኖ፣ ቀይ ሌዘር አልብሶ፣ በሱቁ መስታወት ሥር ደንበኛ ማስጠበቂያ አደረገው። እናትየው ከቤት በወጣች ቁጥር የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ በአባቷ ወንበር ላይ ተንጋሎ ስልኩን ሲነካካ ታያለች። አሁን ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጓሮ በኩል ዞራ ነው የምትሄደው። ወንድሟን ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረችውም ወንበሩ የወጣ ዕለት ነው።

ስለዚህ በመካከላቸው ያለችው ልጅ ሬዲዮ ሆነች። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ መጀመሪያ ለሳቅ ነበር፣ ኋላ ግን ለመደባትና እሷም ማን ነሽ ስትባል ልትለው ይዳዳታል። ችግሩ፣ ሬዲዮ የሰማችውን እንደሰማችው የምታስተላልፍ ሬዲዮ አለመሆኗ ነው። እናትየው «በሩን እንደ ጎረምሳ አይወርውረው» ስትል፣ እሷ ዘንድ ደርሶ «በሩ አርጅቷል፣ ቀስ ብትልለት ጥሩ ነው» ይሆናል። አጎትየው «ምን ዓይነት ጨው ነው የበተነችበት?» ሲል፣ «ሾርባው ይጣፍጣል፣ ጨዉ ብቻ ትንሽ በርታ ብሏል» ይሆናል። ይህን ስታደርግ አፏ አይንተባተብም፤ አንዱ ከተናገረበት ሌላው እስከሚሰማበት ባለችው እስትንፋስ ውስጥ እሾሁን ነቅላ፣ አበባ ሰክታ፣ ታቀብላለች። በዚህ ትኮራለች ቢባል ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽር ቤቱ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ሬዲዮ የምትሠራው እዚያ ነው፤ ክፈፍ ታስመርጣለች፣ የላላውን ታጠብቃለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስተያየት ትሰጣለች። ሰው መነጽር አድርጎ መስታወት ፊት ሲቆም ልቡ ስስ ይሆናል። ሚኒስትር የሚያህል ሰውዬ ዞሮ «እንዴት ነኝ?» ሲል ድምፁ እንደ ሕፃን ነው። ያን ቀን ጠዋትም አንድ ጉንጩ የሞላ ሰው የአሻንጉሊት የሚመስል ክብ መነጽር አድርጎ አላወልቅም አለ፤ ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ሬዲዮ «መነጽሩ ያምራል። ያንተን ፊት ግን ሸፈነብኝ፤ እኔ ፊትህን ነው ማየት የምፈልገው» አለችውና ሰፋ ያለውን ጥቁሩን አቀበለችው። ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ ዋጋውንም አልተከራከረም። ሚስቱ ከበሩ ተመልሳ «እባክሽ አንዳንድ ቀን ቤታችን ነይ» አለቻት።

ለምሳ ከመውጣታቸው በፊት ስልኳ ጮኸ። ኤዲተሩ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ወዳጇ። «መልሱን ዛሬ ማታ ይፈልጉታል» አለ፣ ሰላም ለማለትም ጊዜ ሳያጠፋ። ጓደኞቹ ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ለሦስት ወር ፊልም ሊቀርጹ ሰኞ ጠዋት ይነሳሉ። የትዕይንት ተቆጣጣሪ አጥተዋል፦ ተዋናዩ ደብዳቤውን የያዘው በቀኝ እጁ ነበር ወይስ በግራ፣ «ተቀመጪ» ነው ያለው ወይስ «ቁጭ በይ»፣ ይህን ሁሉ ሳይስት የሚያስታውስ ሰው ማለት ነው። ኤዲተሩ «ሰው የተናገረውን ቃል በቃል የምትይዝ ልጅ አውቃለሁ» ብሎ አስገብቷታል። ሬዲዮ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ፊልም የምትወደው ነገር የለም። ጥሪው የመጣ ቀን ደስታዋ እግሯን አላስቆም ብሏት፣ መነጽር ቤቱ መጸዳጃ ክፍል ገብታ ብቻዋን ጨፍራለች። ሳምንቱን ሙሉ ግን «ላስብበት» ስትል ሰነበተች። የምታስበው ሌላ ነገር አይደለም፤ እሷ ሦስት ወር ብትጠፋ እነዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምን ይሆናሉ? ጨው እንኳ የሚያቀባብላቸው የለም። ለእናቷም ለአጎቷም አልተነፈሰችም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቡድኑ ሄደች። ቡድን ማለት አራት ሰው ነው። የሚገናኙት ከኤዲተሩ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው፤ ያረጁ ካሴቶች እስከ ጣሪያ የተደረደሩባት፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚዞር ማራገቢያ ያላት፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ በመጋረጃ ብቻ የተለየች። ከመጋረጃው ወዲያ ሙሽሮች ፎቶ እየመረጡ «እዚህ ላይ አፍንጫዬ ተልቋል» ይላሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ አራቱ ፊልም ይፈጥራሉ። እስካሁን አንድም አልቀረጹም። ግን በየሳምንቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሎግላይን፣ ሙሉ ፊልሙን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጽፈው ይመጣሉ፤ አንዱ ያነባል፣ ሦስቱ አስተያየት ይሰጣሉ። አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ ያነበበው ሰው አፉን በውሃ ይሞላል፤ ሁሉም ተናግረው እስኪጨርሱ አይውጥም፣ አይተፋም። የዋጠ ክፍሉን ይጠርጋል። ሕጉ የወጣው በጡረተኛው የሒሳብ መምህር ምክንያት ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገራቸው ሲከራከሩ መሽቶ፣ ኤዲተሩ የሙሽራ ቀጠሮ አምልጦት ነበር።

መጀመሪያ ያነበበችው ሲስተር ናት። ነርስ ናት፤ ትንሽ፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ዝንብ የማትገድል ሴት። ከእሷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሬሳ ጠፍቶ አያውቅም። «ከሞት የተነሳ የሬሳ ክፍል ጠባቂ፣ የገደሉትን ሰዎች ታመው ሲመጡ አንድ በአንድ ያክማቸዋል» ብላ አነበበችና ጉንጯን በውሃ ነፋች። ኤዲተሩ «ሊበቀል ነው ወይስ ሊያክም? ተምታታብኝ» አለ። ተራው ሬዲዮ ጋ ሲደርስ፣ «እኔ የወደድኩት ‹ያክማቸዋል› የሚለውን ነው» አለች። «የገደሉትን ሰዎች እግዜር እጁ ላይ ጥሎለት፣ መርፌ ይዞ ቆሞ... እዚያ ላይ እኔ ወንበሬን ጨብጬ ነው የማየው። ግን ባይሞትስ? ሞቷል ብለው ጥለውት ቢሄዱና ቢተርፍስ?» የሲስተር ዓይኖች ፈጠጡ፤ ራሷን ላይ ታች ላይ ታች ስትነቀንቅ ውሃው በአገጯ ወረደ። አስተያየት ሲሰምር እንዲህ ነው፤ የተቀባዩ ፊት ከተናጋሪው ፊት ይበልጥ ይበራል።

መምህሩ ቀጠሉ። በዓረፍተ ነገራቸው ውስጥ ግብረ ገብ፣ ሕሊና፣ ትውልድና ኅብረተሰብ ነበሩ፤ ሰው አልነበረም። አንብበው፣ ውሃቸውን ጎንጭተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው እንደ ፈታኝ ተቀመጡ። ከዚያ ሲስተር በዚያ ለስላሳ ድምጿ፣ «መምህር፣ ኅብረተሰብን ማን ይተውንልዎታል? ደግሞ ሜካፑስ?» አለች። መምህሩ ሊችሉት ታገሉ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ጆሯቸው ቀላ፤ በመጨረሻ ውሃው በአፍም በአፍንጫም ፈንድቶ የኤዲተሩን ሱሪ አራሰው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሙሽራ እንኳ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። መምህሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ትክክል፣ ትክክል! ሰው እጨምራለሁ፣ አንድ ሰው እጨምራለሁ» አሉ።

የሬዲዮ ተራ ደረሰ። «ጎረቤቶቼ ናቸው» አለች አስቀድማ፤ ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ አነበበች። «በአባታቸው ወንበር ምክንያት የተኳረፉ እህትና ወንድም፣ የሚናገሩትን እያለሰለሰች በምታደርስላቸው ልጅ አማካይነት ብቻ እየተነጋገሩ በአንድ ቤት ይኖራሉ።» ውሃውን ጎንጭታ ግድግዳ ግድግዳውን አየች።

«ቤቱን አየሁት። ወጥ ቤቱን ሁሉ አየሁት» አለ ኤዲተሩ። «ግን ምን ይሆናል? ይኖራሉ፣ እሺ፣ ከዚያስ? ይሄ ፎቶግራፍ ነው፤ አሳምሬ ክፈፍ ላስገባልሽ እችላለሁ። ፊልም ግን አልሆነም።» መምህሩ ተነሱ። ግድግዳው ላይ ለሒሳብ ልማዳቸው የተሰቀለች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ እዚያ ላይ እንደ ድሯቸው በአንድ ወገን «የተሰጠ»፣ በሌላው «የሚፈለግ» ብለው ጻፉ። «የተሰጠው ግልጽ ነው» አሉ። «እህት አለች፣ ወንድም አለ፣ ወንበር አለ። የሚፈለገውስ? እህትየዋ ማኩረፍ ፈለገች፣ አኮረፈች። ወንድምየው ይቅርታ አለመጠየቅ ፈለገ፣ አልጠየቀም። የሁለቱም ጥያቄ ተፈቷል። ያልተፈታው የዚች የመካከለኛዋ ነው።» በጠመኔው ባዶውን ቦታ ኳ አደረጉት። «ልጅቷ ምን ትፈልጋለች?»

ባዶው ቦታ ትልቅ ሆኖ ታያት። መልሱን ታውቀዋለች እኮ፤ ሐይቅ ዳር ነው። ውሃው ግን አፏ ውስጥ ነበር፤ ያ ባይሆን ይህን ጊዜ መልሱን በሌላ ነገር ሸፋፍና፣ አሳምራ፣ አልፋው ነበር።

ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ገዳይዋን አግኝቻታለሁ» አለች። «እዚህ ደግሞ ማን ሞተ?» አለ ኤዲተሩ። «ልጅቷ ናት ጥፋተኛዋ። እኛ ክፍል ማስታገሻ ሲበዛ ሕመምተኛው ቁስሉን ይረሳዋል፤ ቁስሉ ግን እዚያው አለ። ይቺ ልጅ እሾሁን ሁሉ እየነቀለች ነው የምታቀብላቸው። እነዚህ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ክፉ ቃል ሳይሰሙ ነው የተኳረፉት! ለምን ብለው ይታረቃሉ? ተመችቷቸዋል እኮ። ቃሉን እንደወረደ ብታደርስላቸው፣ ወይ ያን ዕለት ይታረቃሉ፣ ወይ ያን ዕለት ቤቱ ይፈርሳል። እሱን ፊልም እኔ ገንዘብ ከፍዬ አየዋለሁ።»

ሬዲዮ ውሃውን ዋጠችው። እልል ተባለ። «ዋጠች! ዋጠች!» ኤዲተሩ መጥረጊያውን ከካሴቶቹ ኋላ አውጥቶ እንደ ሽልማት በሁለት እጁ አቀበላት፤ እሷም እየሳቀች መጥረግ ጀመረች። እየጠረገች ግን ፊቷ ይጋላል። ኩራቷ ነበር ያ ማለስለስ። ማንም ባያደንቀውም እንደ ሙያ ይዛው ነበር፤ አሁን በአንድ ነርስ አፍ ማስታገሻ ሆኖ አረፈው። ተናዳ ነበር፣ አፍራም ነበር፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ የማውረጃ ቦታ እንዳየ ሰው ዓይነት ነገር ይሰማታል። ኤዲተሩ እግሩን እያነሳላት፣ «ለነዚያ ሰዎች ምን ልበላቸው? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ያዘሽ?» አላት። «ጎረቤቶቼን ለማን ጥዬ ልሂድ?» አለች ሬዲዮ፤ ከአፏ አመለጣት። ሦስቱ ተያዩ። ማንም አልሳቀም። መምህሩ ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና፣ «የጎረቤት ነገር ቀላል አይደለም፣ ልጄ» አሉ በቀስታ። «ዓረፍተ ነገሩን ግን ከዚህ ክፍል ውጭ ላለ ሰው አንብቢው። ጥሩ አስተያየት የሚሰጠው ነገሩን የሚያውቀው ሰው ነው።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ሳሎኑ ወለል ላይ ነበረች። እናትየው በመስኮቱ በኩል ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ የአጎትየው ሸሚዝ ነው። በሦስቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሸሚዙ ሳይተኮስ ቀርቶ አያውቅም፤ ተኩሳ ወንበር ላይ ትሰቅለዋለች፣ እሱ ከወንበር ላይ ያነሳል፣ ሁለቱም ወንበሩ የተኮሰው ይመስል ዝም ይላሉ። አጎትየው ደግሞ የግድግዳ ሶኬት ፈትቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ከብሎን ጋር ይታገላል። ሬዲዮ ቦርሳዋን ሳታወርድ መካከል ቆመች።

«አንድ ነገር ላነብላችሁ ነው። ፊልም ነው፣ የቡድናችን ነው። አስተያየት እፈልጋለሁ» አለች። አነበበችው። እህትና ወንድም፣ ወንበር፣ የምታለሰልስ ልጅ፤ አንድም ሳታስቀር።

የካውያው እንፋሎት ብቻ ሲተነፍስ ተሰማ። ከዚያ አጎትየው ከሶኬቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «‹እያለሰለሰች› ማለት ምንድን ነው?» አለ። እናትየው ግን ወንበር የሚለው ቃል ከገባ በኋላ ሌላውን አልሰማችም፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተነስቷል። «ለአጎትሽ ንገሪው» አለች፣ ካውያውን እየጫነች፣ «በወንበር የተኳረፈ ሰው የለም በይው። እኔን ያስኮረፈኝ የሱ ግትርነት ነው። አውቶቡስ ሲነዳ የለመደበት ነው፤ ከኋላው የሚጮኸውን ሰው አይሰማም፣ እንኳን ተሳፋሪውን እህቱን አይሰማም። እንደ ሹፌር ዘጋግቶ እንደኖረ ይሞታል በይው።»

የሬዲዮ ምላስ በልማዷ ተሰናድታ ነበር። «አጎቴ፣ እማዬ ነገሩ ከወንበሩ ሰፋ ይላል ትላለች፣» ይህ ዝግጁ ነበር፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ ማንንም የማይወጋ። ከንፈሯ ላይ ደርሶ መለሰችው። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ፈርታ አታውቅም። «አጎቴ» አለች፣ ድምጿ እየሰለለ፣ «በወንበር የተኳረፈ ሰው የለም፣ እኔን ያስኮረፈኝ የሱ ግትርነት ነው ትላለች። አውቶቡስ ሲነዳ የለመደበት ነው፣ ከኋላው የሚጮኸውን አይሰማም፣ እንኳን ተሳፋሪውን እህቱን አይሰማም ትላለች። እንደ ሹፌር ዘጋግቶ እንደኖረ ይሞታል ትላለች።»

መፍቻው ከአጎትየው እጅ ወደቀ። «እንዲህ አለች?» አለ፤ ራሱ በጆሮው የሰማውን። «እንዲህ አለች። ቃል በቃል።» አጎትየው ሬዲዮን አየ፣ ሶኬቱን አየ። «በያት...» ብሎ ጀመረ። «ንገሪያት፣ እኔ...» አልሆነለትም፤ የሚለው ነገር በልጅቷ በኩል ለማለፍ ትልቅ ሆነበት። አንገቱ እንደ ዛገ በር እየዞረ እየዞረ ሄዶ እህቱ ላይ አረፈ።

«ጠይቄሻለሁ!» አለ።

«መቼ?» አለች እናትየው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ለማን እንደመለሰች ያወቀችው፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል።

«‹ይሄን ወንበር ላውጣው?› ብዬሻለሁ። እዚህ በር ላይ ቆመሽ! ‹እንደፈለግክ› አልሽኝ።»

«ጋሼ!» አለች እናትየው። ይህ «ጋሼ» የሚባል ስም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት አልተጠራም። «ጋሼ፣ ‹እንደፈለግክ› እሺ ማለት ነው እንዴ? ሴት ልጅ ዓይኗን እያጉረጠረጠች ‹እንደፈለግክ› ስትል አውጣው ማለት ነው?»

«እኔ ዓይን አላይም! እኔ የተባልኩትን ነው የምሰማው!»

«አልሰማህም! እሱን እኮ ነው የምለው!»

«አሁን እሰማሻለሁ! ጎረቤቱም እየሰማሽ ነው! ሸሚዜ!»

ሸሚዙ ጢሷል። ካውያው እጅጌው ላይ ተረስቶ ቡናማ ጫማ የመሰለ ምልክት አትሞበታል። «ይቃጠል!» አለች እናትየው፣ ካውያውን ግን አነሳችው። ከዚያ ትንፋሿ አጥሮ፣ «ወንበሩን ብትሰጠው አልከፋኝም ነበር። ‹እስቲ ቁጭ እንበልና እንነጋገር› ብትለኝ ምን ነበረበት? የአባባ ነው» አለች። አጎትየው መነጽሩን አውልቆ በለበሰው ሸሚዝ ጫፍ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር። «በተቀመጥሽበት ቁጥር ታለቅሻለሽ» አለ። «ባልሽም ከሞተ በኋላ፣ አባባም ከሞተ በኋላ፣ ሄደሽ እዚያ ላይ ነው የምታለቅሺው። እኔ ማየት አቃተኝ። ወንበሩ ከሄደ ማልቀሱም ይሄዳል ብዬ ነው።» እናትየው ካውያውን አስቀመጠች። «ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?» አለች። አጎትየው እጆቹን ወደ ላይ ወረወረ። «እንዴት ልንገርሽ? አኩርፈሽኛላ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሬዲዮ ናት፤ ልታፍነው ስትሞክር እንደ መምህሩ በአፍንጫዋ መጣ። እናትየው ልትቆጣት ዞራ ሳቅ ያዛት፤ ሳቋ ወዲያው ከለቅሶ ጋር ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለ። አጎትየው ሁለቱን እያየ ትንሽ ጊዜ ክብሩን ጠብቆ ቆየና እሱም ተሸነፈ።

«ደግሞ ይሄ ያንቺ ፊልም» አለ አጎትየው ሲረጋጋ፣ ጣቱን ወደ ሬዲዮ እየቀሰረ፣ «መጨረሻ የለውም። አስተያየት ከፈለግሽ የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ልጅቷ ምን ትሆናለች?»

«ትሄዳለች እንጂ ምን ትሆናለች!» አለች እናትየው፤ ለልጅቷ ሳይሆን ለወንድሟ ነው የመለሰችው። «ዕድሜዋን የኔንና ያንተን ሻይ ስትዘግብ ልትፈጀው ነው?»

«የት ነው የምትሄደው? ዝም ብሎ ‹ትሄዳለች› ይባላል? መሄጃ ያስፈልጋታል።»

«እሱን እሷ ናት የምታውቀው።»

ሁለቱም እኩል ወደ እሷ ዞሩ። ሬዲዮ ቦርሳዋን እስካሁን አላወረደችም ነበር። «ሐይቅ ዳር» አለች። «ሦስት ወር። ፊልም ሊቀርጹ ነው፤ ፈልገውኛል። ሰኞ ነው። እኔ... መሄድ እፈልጋለሁ።» ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር የራሷ ጆሮ ደነገጠ፤ ምንም ሳትለሰልስ፣ እንዳለች፣ ወጣች።

ከዚያ አጎትየው፣ «ሐይቅ ዳር ማታ ይበርዳል። ስንት ዓመት በዚያ መስመር ነድቻለሁ። ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋታል» አለ። እናትየው «የምን ሹራብ? ሞቃት ነው። ራሷን የምትሸፍንበት ነው የሚያስፈልጋት» አለች። «ስነግርሽ! መስኮት ዘግቼ የምነዳበት አገር ነው።» «አንተ መስኮት መቼ ከፍተህ ታውቃለህ?» ሻንጣው ከአልጋ ሥር ተጎተተ፤ ዚፑ የተበላሸ ነው፣ አይደለም፣ ማን አበላሸው፣ አንቺ፣ አንተ። የሦስት ዓመት ጠብ ተጠራቅሞ ኖሮ አሁን ከየጓዳው እየወጣ ነው፤ የአምፖሉ ጠብ፣ የበሩ ጠብ፣ የጨው ጠብ፣ ሁሉም ተራውን ይዞ መጣ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያስጨርስም። ሬዲዮ በመካከላቸው ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፤ የሚያያት የለም። ቀስ ብላ በርጩማ ተሻግራ፣ ስልኳን ይዛ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ኤዲተሩ ገና አንዴ እንደጠራ አነሳው። «እሄዳለሁ» አለችው። «እሄዳለሁ በላቸው፣ ሰኞ እደርሳለሁ።» እሱ በደስታ ጮኾ ሊጨርስ ሲል አቋረጠ። ከበሩ ወዲያ የእናቷ ድምፅ ቤቱን ይሰነጥቃል፤ የአጎቷ ድምፅ እላዩ ላይ ይወጣል።

«ምንድን ነው እሱ? ቤታችሁ ሰላም አይደለም እንዴ? ጠብ ነው?»

ሬዲዮ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፣ አፏ ግን እስከ ጆሮዋ ተከፍቷል።

«ጠብ ነው» አለች። «እርስ በርሳቸው ነው የሚጣሉት!»